ደርባን ልሂድ ወይስ ጆበርግ ልቅር? ያያችሁ ንገሩኝ

ጄፒ ሰባት ዓመት፦

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ጆበርግ ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ጄፒ (መሃል ጆበርግ ያለው የሀበሻ ገበያ) ላይ መጋረጃና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። በፊት ሎኬሽን ለሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር ማለት ነው) ተሸክሜ እዞር ነበር፣ አሁን ተመስገን ትንሽ መደርደሪያ አለችኝ። የአክስቴ ልጅ ደርባን ነው ያለው። በየሳምንቱ እየደወለ «ና እዚህ፣ ጆበርግ ምን አለህ» ይለኛል። ከደርባን በስተደቡብ ኢሲፒንጎ የሚባል አካባቢ አብረን ሱቅ እንክፈት ነው ሐሳቡ።

እኔ ደርባንን የማውቃት በካርቶን ነው። የማራግፈው ዕቃ ሁሉ «ደርባን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። ከተማዋን ግን አንድም ቀን አላየኋትም። ባሕርም አይቼ አላውቅም። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ስመጣ ማላዊ ሐይቅን አይቼ «ባሕር የሚሉት ይሄ ነው?» ብዬ ጠይቄ መኪና ሙሉ ሰው የሳቀብኝ ልጅ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ።

ሥራው እንዴት ነው? ጸጥታውስ? ሙቀቱ ይከብዳል ይባላል። እናንተ ብትሆኑ ትሄዱ ነበር? ለማሞገስ የሚዋሽ ሰው አልፈልግም፣ የአክስቴ ልጅ ይበቃኛል።

ኡምቢሎ ነዋሪ፦

ወንድሜ ሰላም ነህ? እኔ ደርባን 13 ዓመት ሆኖኛል። ሙቀቱ እውነት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ጠዋት የለበስከውን ሸሚዝ እኩለ ቀን ላይ አውልቀህ ትጨምቀዋለህ። እንደ አፋር ደረቅ ሙቀት አይደለም፣ ወበቅ ነው። የቆዳ ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ረስተህ ወር ብትቆይ ሻግቶ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። ምክንያቱ ባሕሩ ነው። አጉልሃስ የሚባለው ሞቃት የውኃ ጅረት ከሰሜን ወደ ደቡብ ዳርቻውን ታክኮ ይወርዳል። ኬፕታውን ባሕሩ ውስጥ ስትገባ አጥንትህ ይቀዘቅዛል፣ እዚህ ግን በሰኔም ሰው ይዋኛል።

ስለዚህ ንግድህን አስብበት። ጆበርግ ውርጭ ስላለ ብርድ ልብስ ያበላል። ደርባን ላይ ክረምቱ ማለት ማታ ማታ አንድ ሹራብ ነው። መጋረጃውን አስቀድም፣ ብርድ ልብሱን ወደ ኋላ አድርገው።

ሌላው ግራ የሚያጋባህ ስም ነው። መንገዶቹ ሁለት ሁለት ስም አላቸው። ሰው «ዌስት ስትሪት» ይልሃል፣ ሰሌዳው «ዶክተር ፒክስሊ ካሴሜ» ይላል። ስሚዝ የነበረው አሁን አንቶን ሌምቤዴ ነው። ፖይንት ሮድ የነበረው ማኅተመ ጋንዲ ሆኗል። አቅጣጫ ስትጠይቅ ሽማግሌ ከሆነ አሮጌውን፣ ካርታ ከሆነ አዲሱን ያዝ። ከተማዋ ራሷም ሁለት ስም ነው ያላት። ደርባን የተባለችው በኬፕ እንግሊዛዊ ገዢ በሰር ቤንጃሚን ደርባን ነው። ዙሉዎቹ ኢቴክዊኒ ይሏታል፣ ባሕረ ሰላጤው ዘንድ እንደማለት።

ሥራ ካልክ መጀመሪያ ዋርዊክን ሂድና እይ። ባቡር፣ አውቶቡስና ታክሲ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በቀን ከ400 ሺህ በላይ ሰው ያልፍበታል ይባላል። ገበያው ብዙ ነው፤ የአትክልቱ፣ የባህል መድኃኒቱ፣ የዶቃው፣ የበሬ ጭንቅላት ቅቅሉ፣ ሁሉም ለብቻው። ዝም ብለህ አንድ ቀን ሙሉ ቆመህ እይ። ማን ምን እንደሚገዛ እዚያ ይገባሃል። ስልክህን ግን ኪስህ ውስጥ ተወው።

ቆሎ ቆርጣሚ፦

መልስ የለኝም፣ ለማንበብ ነው የመጣሁት። ማላዊ ሐይቅ ግን ገድሎኛል 😂

ጋሽ ካሚዮን፦

እኔ ዛሬ አዳማ ነኝ እንጂ ጆበርግና ደርባን መካከል ዘጠኝ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ስለ ባሕሩና ስለ ምግቡ ሌላ ሰው ይንገርህ። እኔ መንገዱን ልንገርህ።

ኤን ሶስት የሚባለው መንገድ 570 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አብዛኛው ሜዳ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል። ከዚያ ቫን ሪነን የሚባል ቁልቁለት አለ። ጣርማበርን የወረደ ሰው ይገባዋል። ጭጋግ ሲወርድ የራስህን መኪና አፍንጫ አታየውም። በ2024 መስከረም ደግሞ በረዶ ጥሎ መንገዱ ተዘግቶ ሰው መኪና ውስጥ ነው ያደረው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚያ የኖርኩት በእነሱ ነው።)

ስትደርስ ደግሞ ቤይሄድ ሮድ ይጠብቅሃል። ወደ ኮንቴነሩ ተርሚናል የሚያስገባው ዋናው መንገድ እሱ ነው። ካሚዮን በካሚዮን ላይ ተደርድሮ ይቆማል። ወንበሩ ላይ አድረህ፣ እዚያው ሻይ አፍልተህ፣ እዚያው ተላጭተህ ተራህን ትጠብቃለህ። ያ ወደብ ከሰሃራ በታች ካሉት ብዙ ኮንቴነር ከሚያስተናግዱት አንዱ ነው። የጄፒ ዕቃ፣ የዛምቢያ መዳብ፣ የዚምባብዌ፣ የኮንጎ፣ ብቻ ምን አለፋህ፣ ሁሉም በዚያች በር ነው የሚያልፈው። ክሬን ቆመ ማለት ጄፒ ላይ መጋረጃ ተወደደ ማለት ነው። አንተ ሳታውቀው ሰባት ዓመት ሙሉ ደርባን ላይ ነው የኖርከው።

ትራንዚተሩ ከሞጆ፦

ጋሽ ካሚዮን፣ እስቲ ለሙያችን ያህል ይንገሩን። እኛ ጅቡቲ ላይ ስንት ቀን ዕቃ ተያዘ፣ ዲመሬጅ (የኮንቴነር መዘግየት ቅጣት) ስንት ቆጠረ እያልን ፀጉራችን ሸበተ። እነሱ የራሳቸው ባሕር ያላቸው ሰዎች እንዴት ይሰለፋሉ? ደረቅ ወደብስ አላቸው?

ጋሽ ካሚዮን፦

አላቸው እንጂ ልጄ። ሲቲ ዲፕ ይባላል፣ ጆበርግ ውስጥ ነው። የእነሱ ሞጆ በለው። ኮንቴነሩ በባቡር መጥቶ እዚያ ጉምሩክ እንዲፈጽም ነበር ሐሳቡ። ባቡሩ ግን እየደከመ ሄደ። ገመዱ ይሰረቃል፣ ሎኮሞቲቩ መለዋወጫ ያጣል። ጭነቱ በሙሉ ወደኛ ወደ ካሚዮኑ ዞረ። መንገዱ የሞላው በዚያ ነው።

መሣሪያውም አርጅቷል። በ2023 ኅዳር ላይ ከ60 ሺህ በላይ ኮንቴነር ባሕር ላይ ተይዞ ነበር። ከባሕሩ ዳር ቆሞ ላየ ሰው መርከቦቹ እንደ ሰፈር ቤት ተደርድረው፣ ማታ መብራታቸው ሌላ ከተማ ይመስል ነበር። የዓለም ባንክ የወደቦችን ቅልጥፍና ሲያወዳድር ደርባንን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው ያስቀመጣት። ለፊሊፒንሱ ኩባንያ ለአይሲቲኤስአይ ዋናውን ተርሚናል በሽርክና ሊሰጡት መርጠውት ነበር፣ ተሸናፊው ተጫራች ፍርድ ቤት ወሰዳቸውና ነገሩ ተጓተተ። ባሕር መኖር ብቻውን አያጠግብም ልጄ። ቢሆንም ባይኖረን ይሻላል ማለቴ አይደለም፣ እንዳትጣሉኝ።

ማክዳ ዘ ግሌንዉድ፦

ሁላችሁም ስለ ኮንቴነር አወራችሁ፣ ሰውየው ምን ይብላ? 😄

እኔ ደርባን ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ተምሬ ነው የተመለስኩት። ደርባን ስትደርስ መጀመሪያ የሚቀበልህ የካሪ ሽታ ነው። ሕንዶቹ የመጡት በወደቡ ነው። በፈረንጅ ኅዳር 16 ቀን 1860 ትሩሮ የምትባል መርከብ ከማድራስ ሰው ጭና ገባች። ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በኮንትራት የተቀጠሩ ናቸው። እስከ 1911 ድረስ ከ150 ሺህ በላይ ሰው በዚያ መልክ መጣ። ያኔ የወደቡ አፍ ላይ አሸዋ ተከምሮ ትልልቅ መርከቦች መግባት አይችሉም ነበር። ተሳፋሪው በቅርጫት ተደርጎ እየተንጠለጠለ ወደ ትንሹ ጀልባ ይወርድ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ከነሻንጣህ በቅርጫት!

ከነሱ ኋላ ነጋዴዎቹ መጡ፣ ከነጋዴዎቹ ኋላ ደግሞ በ1893 አንድ ወጣት ጠበቃ ለአንድ ነጋዴ ክስ ጉዳይ መጣ። ጋንዲ ነው። ለጊዜው ብሎ መጥቶ ሃያ ዓመት ገደማ ደቡብ አፍሪካ ቀረ። (የአክስትህ ልጅም «ለጊዜው ና» ብሎህ ከሆነ ተጠንቀቅ።)

አሁን ምግቡ። በኒ ቻው ይባላል። ያልተቆረጠ ዳቦ ሩቡ ወይም ግማሹ ይቆረጥና ሆዱ ይወጣለታል፣ በምትኩ ካሪ ይሞላበታል። የወጣው ለስላሳ ዳቦ ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል። ሹካ አትጠይቅ፣ ይሳቅብሃል። በእጅ ነው። ሳህኑ ራሱ ይበላል፣ ለኛ ለእንጀራ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። ስታዝ «በኒ ቻው» ብለህ አታስረዝም፣ «ኳርተር ማተን» (ሩብ ዳቦ በበግ ሥጋ) ወይም «ኳርተር ቢንስ» ትላለህ፣ በቃ። በጾም ያዳነኝ ቢንሱ ነው። ባቄላ የሚመስል ቀይ አደንጓሬ ነው፣ ቅቤ እንደሌለው ብቻ ጠይቅ።

ታዛቢ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ልጁ የጠየቀው ስለ ዳቦ አይደለም። «ጸጥታውስ?» ነው ያለው። እስካሁን አንድ ሰው አልመለሰለትም። እኔ ልመልስ።

በፈረንጅ 2015 ሚያዝያ በውጭ ዜጎች ላይ የተነሳው ያ ሁሉ ነገር የጀመረው ጆበርግ ሳይሆን ደርባን ነው። እሱ ሊሄድበት ያሰበው ኢሲፒንጎ ዋናው ቦታ ነበር። ኡምላዚ የሚባለው የደርባን ሎኬሽን ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች የኮንቴነር ሱቃቸው ውስጥ እያሉ እሳት ተለቀቀባቸው። አንዱ ሞተ። ይሄን ሳትነግሩት ስለ ቅርጫት ታወሩለታላችሁ?

2021 ሐምሌ ደግሞ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዙማ ሲታሰሩ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በሁለቱ ክፍለ ሀገር፣ ደርባንና ጆበርግ ባሉበት፣ ከ350 በላይ ሰው ነው የሞተው። መጋዘን ተዘረፈ፣ የገበያ ማዕከል ነደደ። ጋሽ ካሚዮንም ያውቁታል፣ ኤን ሶስት መንገድ ላይ፣ ሙይ ሪቨር፣ ከሃያ በላይ ካሚዮን ተቃጥሏል።

ጋሽ ካሚዮን፦

አውቀዋለሁ። እኔ ያን ሳምንት ከቫን ሪነን በላይ ያለችው ከተማ ሃሪስሚዝ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መሪውን አስረክቤ ወደ ሀገሬ የገባሁት። ሚስቴ «ከአሁን በኋላ አንተ ወይ እኔ ወይ መኪናው» አለችኝ። በዚያ ላይ የውጭ ሹፌር አይንዳ የሚሉ ሰዎች መንገድ መዝጋት ጀምረው ነበር።

ኡምቢሎ ነዋሪ፦

ታዛቢ ልክ ነህ፣ እኔ ነበርኩ መመለስ የነበረብኝ። ሽሽቼ አልነበረም፣ መጻፍ ስለሚከብደኝ ነው።

በ2015 ሱቄን ዘግቼ ሦስት ሳምንት ጓደኛዬ ቤት ወለል ላይ ተኝቻለሁ። ያን ጊዜ «ይብቃ» ብለው በሺዎች ሆነው መሃል ከተማ በሰልፍ የወጡ የደርባን ሰዎችም ነበሩ፣ እሱንም አይቻለሁ። በ2021 ደግሞ ሎኬሽን ውስጥ ሱቁን የሚያከራዩኝ ጎጎ አሉ። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፣ ስማቸውን እስካሁን በዚያ ነው የምጠራው። ሌሊት ጠርተውኝ «ዕቃህን አምጣ» አሉኝ። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ የስልክ ካርዱን የመኝታ ክፍላቸው ውስጥ ደረደርነው። አልጋቸው ላይ ሳሙና በካርቶን ተከምሮ እሳቸው ወንበር ላይ አደሩ። ጠዋት የሱቁ በር ተሰብሯል፣ መደርደሪያው ተወስዷል፣ ዕቃው ግን አለ። የሰበሩትም የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ያዳኑኝም የዚያው ሰፈር ሴት። ሁለቱንም ነው የምነግርህ።

ከዚያ በዓመቱ፣ 2022 ሚያዝያ፣ ጎርፉ መጣ። በአንዳንድ ቦታ በአንድ ቀን ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ነው የዘነበው። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ኮንቴነሮች ከተከመሩበት ተንሳፍፈው አውራ ጎዳና ላይ ተጋደሙ፣ እኔ በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ቤይሄድ ሮድም ተቆርጦ ነበር። ሰው የተወልኝን ዕቃ ውኃ ወሰደው። የጎጎ ቤት ከፍታ ላይ ስለሆነ ተረፈ። እና ኢሲፒንጎ ላይ ሱቅ ስትከራይ ኪራዩን ከመጠየቅህ በፊት ውኃው ያን ጊዜ የት እንደደረሰ ጎረቤት ጠይቅ። ግድግዳው ላይ ምልክቱ ያለባቸው ቤቶች አሁንም አሉ።

ማክዳ ዘ ግሌንዉድ፦

ታዛቢ፣ ወቀሳህን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ይሄ ጸብ በእኛ አልጀመረም። በ1949 ጥር ዙሉዎችና ሕንዶች ተጋጭተው 142 ሰው ሞቷል። በ2021ዱም ፊኒክስ በሚባለው የሕንዶች ሰፈር የሞቱት ከ30 በላይ ጥቁሮች ጉዳይ እስካሁን ቁስል ነው። የሚገርመው ፊኒክስ ጋንዲ በ1904 የሰላም መንደር ብሎ ባቋቋመበት አቅራቢያ ነው። ከዚያው ወረድ ብሎ ኢናንዳ አለ፣ ኦህላንጌ ትምህርት ቤት። ማንዴላ በ1994 በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠው እዚያ ነው። በመኪና ከአንዱ ወደ አንዱ ጥቂት ደቂቃ ነው። አስተማሪያችን እዚያ ወስዶን አንድም ቃል ሳይናገር መለሰን።

መዝገብ አገላባጭ፦

የወደቡን ሠራተኞች ረሳችኋቸው። በ2008 ሚያዝያ አን ዩ ጂያንግ የምትባል የቻይና መርከብ ለዚምባብዌ የጦር መሣሪያ ጭና ደርባን ደረሰች። ምርጫው ተጭበርብሯል ተብሎ ሀገሪቱ የታመሰችበት ጊዜ ነው። መንግሥት «ሕጋዊ ነው» አለ። ወዛደሮቹ ግን «አናወርድም» አሉ። ፍርድ ቤትም አገደ፣ መርከቧ መልህቋን ነቅላ ሄደች። ቀድሞም በ1972 ያደሙት ወዛደሮቹ ናቸው፣ በ1973 ጥር የጡብ ፋብሪካው ሠራተኛ ተከተለ፣ ከዚያ ከተማው ሁሉ። አፓርታይድ ዝም አሰኘኋቸው ባለ ጊዜ ነው።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተዘጋው ደርባን ነው፣ የአፍሪካ ኅብረትም በይፋ የተወለደው እዚያው፣ በፈረንጅ ሐምሌ 9 ቀን 2002። ልጁ ደርባን ተወልዶ እኛ ጋር ነው ያደገው።

ቆሎ ቆርጣሚ፦

የተጸነሰው ግን ሲርጥ ነው፣ 1999፣ ጋዳፊ ቤት። ቆሎ ብቻ አይደለም የምቆረጥመው።

ጄፒ ሰባት ዓመት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታዛቢ፣ አንተን ለብቻ። የአክስቴን ልጅ «2015ን ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አንተ ጆበርግ ላይ በ2019 በውጭ ዜጎች የደረሰውን አላየህም?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይቻለሁ። ለማየት እሄዳለሁ። መደርደሪያዬን ግን አልለቅም።

ኡምቢሎ ነዋሪ፦

ጥሩ አድርገሃል። ከመጣህ በሰኔ ና። ሰርዲን የሚባለው ትንሹ ዓሣ ከደቡብ በኩል በመንጋ የሚመጣው ያኔ ነው። ወደ ዳር ሲጠጋ ሰው በባልዲ፣ በቀሚስ፣ በኮፍያ ነው የሚዝቀው። ሻርኩም ይከተለዋል፣ ደርባን ግን ከ1952 ጀምሮ መረብ አላት።

ጄፒ ሰባት ዓመት፦

መጣሁ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

መጀመሪያ ቀን ጎህ ሲቀድ የአክስቴ ልጅ ኖርዝ ቢች ወሰደኝ። ጫማዬን ይዤ ገባሁ፣ ማውለቅ ረስቼ። ውኃውን ቀመስኩት። ጨው መሆኑን አውቅ ነበር፣ ያን ያህል ግን አልመሰለኝም። ከሩቅ አሥራ አንድ መርከብ ቆሟል፣ ቆጠርኩ። የትኛው ላይ የኔ መጋረጃ ይኖር ይሆን እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ይሄ ሁሉ ባሕር ዳር እስከ 1989 ድረስ በዘር የተከፋፈለ ነበር። አጠገቤ የሚሮጥ ሽማግሌ ሕንድ ነው የነገረኝ፣ «ልጅ ሆኜ እዚህ መቆም አልችልም ነበር» አለኝና ሩጫውን ቀጠለ።

ማክዳ፣ በኒውን በላሁ። እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ ማተኑን ነው። ሸሚዜ ቢጫ ሆኗል። ሰርዲን እኔ አልዛቅሁም፣ ጎረቤት በባልዲ አምጥቶልን ጠብሰን በላን።

ኢሲፒንጎ ሦስት ቤት አየን። ሁለቱ ላይ የውኃው ምልክት ደረቴ ድረስ ነው። ሦስተኛው ዳገት ላይ ነው፣ ኪራዩ ይጨምራል፣ ገበያው ትንሽ ይርቃል። የአክስቴ ልጅ የታችኛውን ይፈልጋል። እኔ የላይኛውን። ገና አልተስማማንም።

ጋሽ ካሚዮን፣ አንድ ጥያቄ ለእርስዎ፦ በላይኛው ቤት ከተስማማን ጄፒ ያለውን መጋረጃ በባኪ (በፒክአፕ መኪና) ላምጣ ብያለሁ። ማታ ልነሳ ወይስ ጠዋት?

ጋሽ ካሚዮን፦

ጠዋት። ሃሪስሚዝ ስትደርስ ቆመህ ሻይ ጠጣና ከታች የሚወጡትን ሹፌሮች «ቫን ሪነን እንዴት አደረ?» ብለህ ጠይቅ። ጭጋግ ነው ካሉህ እዚያው እደር፣ መጋረጃ አይበላሽም። ሸራውን ደግሞ በደንብ እሰረው፣ ከቁልቁለቱ በታች አየሩ ይለወጣል፣ ዝናብ ነው።